ቪንስ ሎምባርዲ፤ ከሃይስኩል መምህርነት እስከ ሱፐር ቦውል ዋንጫ

በየዓመቱ የአሜሪካን ፉትቦል የፍፃሜ ጨዋታ የሆነው ሱፐር ቦውል ሲያበቃ አሸናፊዎቹ አንድ የብር ዋንጫ እየተቀባበሉ ይስማሉ። ቁመቱ 56 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ3 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ ሞላላ ኳስ የቆመችበት ዋንጫ ነው። ስሙም የቪንስ ሎምባርዲ ዋንጫ ይባላል።

ታዲያ ይሄ ሰው ማነው? አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በ1960ዎቹ ግሪን ቤይ ፓከርስ የተባለውን ክለብ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገ ቁጡ አሰልጣኝ መሆኑን ነው። ከዚያ በፊት ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የቆመ የሃይስኩል መምህር ነበር። ጠዋት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ላቲን ያስተምራል፤ ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ ፉጨቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ልጆቹን ሜዳ ላይ ያሰለጥናል። እነዚያ ዓመታት ሳያልፍለት እንደቀረ የተሰማው ጊዜ ነበሩ። በኋላ የሰራው ታሪክ ሁሉ የተቀዳው ግን ከዚያች ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ፉትቦል ሲባል በእግር የሚመታው ሳይሆን በእጅ የሚያዘው፣ ተጨዋቾች የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ መሆኑ ልብ ይባል። ዓመተ ምህረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥጋ ነጋዴው ልጅ

ቪንሰንት ቶማስ ሎምባርዲ የተወለደው ጁን 11 ቀን 1913 በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ሺፕስሄድ ቤይ በተባለ ሰፈር ነው። ቤተሰቡ ከጣሊያን የመጣ ሲሆን እሱ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ ሃሪ የሥጋ ነጋዴ ነው። ቆፍጣናው አባት በአንድ እጁ ጣቶች ላይ ሥራ፣ በሌላኛው እጁ ጣቶች ላይ ደግሞ ጨዋታ የሚሉ ቃላትን ተነቅሶ ነበር። ልጁ ሲያድግ ሁለቱን አንድ አድርጎ ጨዋታን ሥራው አደረገ።

መጀመሪያ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር። ቤተሰቡ አጥባቂ ካቶሊክ ነውና ሎምባርዲ በ15 ዓመቱ ቄስ ለመሆን ብሎ ለዚሁ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ገባ። አራት ዓመት ከተማረ በኋላ መንገዱ የሱ እንዳልሆነ ገብቶት ተወው። ቤተ ክርስቲያኑን ግን አልተወም። እስኪሞት ድረስ በየዕለቱ ቅዳሴ የማይቀር ሰው ነበር። ከዚያ ወደ ሴንት ፍራንሲስ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ፉትቦሉን በደንብ ያዘና በ1933 ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ሰባቱ የግራናይት ድንጋዮች

ፎርድሃም ብሮንክስ ውስጥ የሚገኝ የኢየሱሳውያን ካህናት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ከፕሮፌሽናሉ ይበልጥ ስታዲየም የሚሞላ ነበር። ሎምባርዲ የተሰለፈው ጋርድ በሚባለው ቦታ ነው። ጋርድ ኳስ የሚነካበት አጋጣሚ እምብዛም የለም። ሥራው መጋፋት፣ መግፋት፣ ለባለኳሱ መንገድ መጥረግ ነው። ጎል ቢገባ ስሙ አይጠራም፣ መንገድ ሲዘጋ ግን የሚወቀሰው እሱ ነው።

ቁመቱ ደግሞ ለዚህ ቦታ አይመችም። 1 ሜትር ከ73 አካባቢ ቢሆን ነው፤ ክብደቱም ከ84 ኪሎ አያልፍም። እሱ ግን ጉልበት ያጣውን በእልህ ያካክስ ነበር። ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ አፉ ውስጥ ክፉኛ ተተርትሮ ጥርሶቹ ወለቁ። ከሜዳ ወጥቶ ከቆየ በኋላ ቡድኑ ጭንቅ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ገባና መስመሩ ላይ ቆመ። ጨዋታውም 0ለ0 አለቀ።

በ1936 የፎርድሃም የፊት መስመር ሰባት ተጨዋቾች በመላው አሜሪካ ገነኑ። ጋዜጦች ሰባቱ የግራናይት ድንጋዮች አሏቸው። ከሰባቱ መካከል ኮከብ የነበሩት እነ አሌክስ ዎጅሆዊትዝና ኤድ ፍራንኮ ናቸው፤ ሎምባርዲ ከታታሪዎቹ ተርታ ነበር። ያ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ 7ለ6 ተሸነፈና ሮዝ ቦውል ለተባለው ትልቅ ጨዋታ የመጋበዝ ተስፋው ተቀጨ። ሎምባርዲም የተማሪነት ጨዋታውን በዚሁ ቁጭት ዘጋ።

ዲግሪ ይዞ ሥራ ማጣት

በ1937 ተመረቀ። ወቅቱ የኢኮኖሚ ድቀቱ ገና ያላለፈበት ነበር። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ሲያጨበጭብለት የነበረው ልጅ ዲግሪውን ይዞ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ። ለአንድ ገንዘብ አበዳሪ ድርጅት ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ሰራ። በትንንሽ ክለቦች እየተጫወተ ጥቂት ገንዘብ አገኘ። ሕግ ለመማር ፎርድሃም ተመልሶ ገባና ከአንድ ሴሚስተር በኋላ አቋረጠ። ባጭሩ በ26 ዓመቱ የረባ ሥራ አልነበረውም።

በ1939 የድሮ የቡድን ጓደኛው መጣ። አንዲ ፓላው የፎርድሃም ኳርተርባክ፣ ማለትም የማጥቃቱ መሪ ነበር። ኒውጀርዚ ኢንግልውድ ከተማ ውስጥ በሚገኘው ሴንት ሲሲሊያ የተባለ የካቶሊክ ሃይስኩል ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ስለነበር ረዳት ይፈልጋል። ኢንግልውድ ከኒውዮርክ የሚለያት የሃድሰን ወንዝ ነው። ሎምባርዲ ሳያቅማማ እሺ አለ።

ክፍያው ታዲያ የሚያኩራራ አልነበረም። ረዳት አሰልጣኝነቱ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪውና ላቲኑ ሁሉ ተደማምሮ ደመወዙ በዓመት 1,800 ዶላር እንኳ አይሞላም። ፓላውና ሎምባርዲ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተው እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይከፍሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት 31 ቀን 1940 ሎምባርዲ የፎርድሃም ዘመን ፍቅረኛውን ማሪ ፕላኒትዝን አገባ።

ክፍልና ሜዳ አንድ ናቸው

ሎምባርዲ አሰልጣኝነትን የተማረው እዚህ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሲያስረዳ ጎበዞቹ ገባን ስላሉ ብቻ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ከክፍሉ የመጨረሻ የሆነው ልጅ እስኪገባው ድረስ ይደግመዋል። ያኛውን በሌላ መንገድ፣ ይሄኛውን በሌላ ምሳሌ እያለ ይመላለሳል። ሜዳ ላይም እንደዚያው ነው። አንድን እንቅስቃሴ አሥራ አንዱም ተጨዋቾች ሳያስቡ እስኪሰሩት ድረስ ያስደግማቸዋል። እዚህ ጋ አንድ ልጅ ብቻ ቢሳሳት መንገዱ ይዘጋል። ይህን ከጋርድ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ቁጣውም ያኔ ነው የጀመረው። ድምፁ ከሜዳው አልፎ ሰፈር ይሰማል። የተኮሳተረ ፊቱን ሲያዩ ልጆቹ ይርዳሉ። ደቂቃ ሳይቆይ ደግሞ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፣ የተቆጣውን ልጅ አቅፎ ያበረታታል። ፈሩትም ወደዱትም።

በ1942 ፓላው ወደ ፎርድሃም ሲሄድ ሎምባርዲ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ጉድ ነው። ሴንት ሲሲሊያ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። እነሱ ግን ከ30 ጨዋታ በላይ ሽንፈት ሳይነካቸው ተጓዙ። የኒውጀርዚን የግል ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮንነት ስድስት ጊዜ ወሰዱ። በ1943 ከአገሪቱ ሃይስኩሎች ሁሉ አንደኛ እስከመባል ደረሱ። በምሥራቁ ክፍል ከምርጦቹ አንዱ የነበረውን ብሩክሊን ፕሬፕንም አሸንፈዋል። በሎምባርዲ ልጆች ከተሸነፉት የብሩክሊን ፕሬፕ ተጨዋቾች አንዱ ጆ ፓተርኖ ይባላል። ይሄ ልጅ በኋላ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን ለ46 የውድድር ዓመታት በዋና አሰልጣኝነት የመራው ነው።

ቅርጫት ኳሱንም ለሱ ሰጡት። የፉትቦሉን ያህል የሚያውቀው ስፖርት አልነበረም፤ ግን እንደማንኛውም ትምህርት እያጠና ያስተምረው ጀመር። በ1945 የቅርጫት ኳስ ቡድኑም የስቴቱ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮን ሆነ።

ስልክ የማይደወልለት አሰልጣኝ

ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ሎምባርዲ ውስጡ እየተቃጠለ ነበር። ኢንግልውድ ውስጥ የማያውቀው የለም፣ በከተማው ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሰላም ይለዋል። ከወንዙ ማዶ ግን ማንም አያስታውሰውም። ከሱ ጋር የተጫወቱት አንዳንዶቹ ፕሮፌሽናል ሆነው ስማቸው ይጠራል፣ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲ ያሰለጥናሉ። እሱ ዛሬም የ16 ዓመት ልጆች ላቲን እርማት ይዞ ቤቱ ይገባል። ቤተሰብም መጥቷል፤ ልጁ ቪንሰንት በ1942 ሲወለድ ሴት ልጁ ሱዛን በ1947 ተከተለች።

የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲያመለክት መልስ አያገኝም። ምክንያቱ የጣሊያን ስሙ እንደሆነ ጠርጥሯል፤ ጥርጣሬውም ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ኖሯል። በዚያን ጊዜ በትልልቅ ቡድኖች ዋና አሰልጣኝነት ላይ የጣሊያን ስም ማየት ብርቅ ነበርና ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ይህ ቁስል በኋላ ሌላ ፍሬ አፈራ። ግሪን ቤይ ሲገባ ጥቁር ተጨዋቾቹን የማያስተናግድ መጠጥ ቤትም ሆነ ምግብ ቤት ካለ ለቡድኑ በሙሉ የተከለከለ እንደሚሆን አሳወቀ። በሰው ዘር የሚቀልድ ተጨዋችም እሱ ዘንድ ቦታ አልነበረውም።

በ1947 በ33 ዓመቱ ፎርድሃም ጠራው። የሰጡት ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ቡድን ነው። በ1949 ዌስት ፖይንት ወደሚገኘው የጦር አካዳሚ ሄዶ የታላቁ አሰልጣኝ ሬድ ብሌክ ረዳት ሆነ። ብሌክ የፊልም ሰው ነበር። የተጋጣሚን ጨዋታ በፊልም እየመለሰ እየደጋገመ ያያል፤ ከዚያ ትርፉን ጥሎ ጥቂት ነገር ብቻ ያሰለጥናል። በ1951 ከፈተና ማጭበርበር ጋር በተያያዘ በርካታ ተጨዋቾች ከአካዳሚው ሲባረሩ የብሌክ ልጅ ራሱ ከተባረሩት አንዱ ነበር። ሎምባርዲ የፈረሰ ቡድን ከዜሮ እንዴት እንደሚገነባ በዓይኑ ያየው ያኔ ነው።

በ1954 የኒውዮርክ ጃያንትስ የማጥቃት አሰልጣኝ ሆኖ ወደ ፕሮፌሽናሉ ተሻገረ። መጀመሪያ ላይ ተጨዋቾቹ አልተቀበሉትም። ጩኸቱ የተማሪ ቤት ሆነባቸው። እሱ ደግሞ እልህ ከመያዝ ይልቅ ማታ ማታ የተጨዋቾቹን ክፍል እያንኳኳ የትኛው እንደሚሰራ፣ የትኛው እንደማይሰራ ይጠይቃቸው ጀመር። መምህሩ ተማሪ ሆነ። በ1956 ጃያንትስ ቺካጎ ቤርስን 47ለ7 ረምርሞ ሻምፒዮን ሆነ። በ1958 ፍፃሜ ግን በባልቲሞር ኮልትስ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፈ።

ግሪን ቤይ

በፌብሩዋሪ 1959 ግሪን ቤይ ፓከርስ ሎምባርዲን ቀጠረ። ዕድሜው 45 ነበር። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የፎርድሃሙን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቡድን ካልቆጠርነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በዋና አሰልጣኝነት የመራው ብቸኛ ቡድን የሴንት ሲሲሊያ ሃይስኩል ነው። እንግዲህ የፕሮፌሽናል ክለብ በሃይስኩል ልምድ ተረከበ ማለት ነው።

የተረከበውም ክለብ የሚያስቀና አልነበረም። ግሪን ቤይ ብርዷ የማይቻል ትንሽ ከተማ ናት፤ ክለቡ የከተማው ሕዝብ ነው። በ1958 ከ12 ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸንፎ፣ አንዱን አቻ ወጥቶ፣ አሥሩን ተሸንፏል። ሎምባርዲ በመጀመሪያው ዓመት 7 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። በ1960 ለፍፃሜ ደርሶ በፊላደልፊያ ኢግልስ 17ለ13 ተረታ። የፓከርስ አሰልጣኝ ሆኖ በጥሎ ማለፍና በፍፃሜ የቀመሰው ሽንፈት ያ ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ልምምድ ሲጀመር ያደረገው ዛሬም ይወራል። ለፍፃሜ ደርሰው የተመለሱትን ፕሮፌሽናሎች ሰብስቦ አንዲት ኳስ ከፍ አደረገና ይህች ኳስ ናት ብሎ ከሀ ሁ ጀመረ። ቀልደኛው ማክስ ማጊ ቀስ ቢል እንደሚሻል ጠየቀ ይባላል። ተጨዋቾቹ ሳቁ። እሱ ግን የሴንት ሲሲሊያን ደብተር ነበር የገለጠው፤ ከክፍሉ የመጨረሻው ልጅ ሳይገባው ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ አይታለፍም።

ዋናው መሳሪያውም ቀላል ነበር። ፓከርስ ስዊፕ የሚባል አንድ እንቅስቃሴ ነው። ሁለቱ ጋርዶች ጄሪ ክሬመርና ፈዚ ተርስተን ከቦታቸው ተነቅለው ወደ ጎን እየሮጡ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ኳሱን የያዘው ፖል ሆርኑንግ ወይም ጂም ቴይለር ከኋላቸው ይከተላል። ተጋጣሚ ሁሉ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ማቆም ግን አይችልም። ኳስ የማይነካው የፎርድሃም ጋርድ የቡድኑን ማጥቃት በሁለት ጋርዶች ትከሻ ላይ አቆመው።

ሌላው ተማሪው ባርት ስታር ነው። ኳርተርባኩ በ1956 በተጨዋቾች ምርጫ የተገኘው 17ኛ ዙር ላይ ሲሆን ሎምባርዲ ሲመጣ ገና ራሱን ያላረጋገጠ ዝምተኛ ልጅ ነበር። በአንድ ቀን ኮከብ አልሆነም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እየተማረ እየተማረ የአምስቱም ሻምፒዮንነት መሪ ሆነ።

ፓከርስ በ1961 ኒውዮርክ ጃያንትስን 37ለ0፣ በ1962 እንደገና ጃያንትስን 16ለ7፣ በ1965 ክሊቭላንድ ብራውንስን 23ለ12፣ በ1966 ዳላስ ካውቦይስን 34ለ27 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ዲሴምበር 31 ቀን 1967 ደግሞ ግሪን ቤይ ላይ በድጋሚ ከዳላስ ጋር ተገናኘ። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ሜዳውን እንዲያሞቅ ከመሬት በታች የተዘረጋው መሳሪያ እምቢ ብሎ ሣሩ በረዶ ሆነ። 16 ሴኮንድ ሲቀር ፓከርስ በ3 ነጥብ እየተመራ ነው። አቻ የሚያደርገውን ምት መምታት ይቻል ነበር። ስታርና ሎምባርዲ ተነጋገሩና ለማሸነፍ ወሰኑ። ክሬመር ከፊት ከመሀል አጥቂው ጋር ሆኖ ገፋ፣ ስታር ኳሱን ይዞ ከኋላው ወደቀ፤ 21ለ17። ያች ቅፅበት በጋርድ ግፊት ነው የተገኘችው።

በመካከሉ ጃንዋሪ 1967 በመጀመሪያው ሱፐር ቦውል ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 35ለ10፣ ጃንዋሪ 1968 ደግሞ በሁለተኛው ኦክላንድ ሬይደርስን 33ለ14 ረቱ። ስሙ በተነሳ ቁጥር ስለማሸነፍ የሚጠቀስለት አንድ ዝነኛ አባባል አለ፤ አባባሉን ግን ከሱ በፊት የተናገረው ሬድ ሳንደርስ የተባለ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነው።

ዲሲፕሊኑ ቀልድ አያውቅም። ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ያልተገኘ ዘግይቷል፤ የሀበሻ ቀጠሮ እሱ ዘንድ አይሰራም። ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ለሌላ ሰው ልጅ አባት የሆነው ሰው ለገዛ ቤተሰቡ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነበር። ቁጣውም ያስቀየማቸው ተጨዋቾች ነበሩ።

መጨረሻው

ከሁለተኛው ሱፐር ቦውል በኋላ ደክሞት አሰልጣኝነቱን ለቀቀና በሥራ አስኪያጅነት ብቻ ቆየ። ቢሮ መቀመጥ ግን አልሆነለትም። በ1969 የዋሽንግተኑን ክለብ ተረክቦ 7 አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ፣ በ2 አቻ ወጣ። ለአንድ ዓመት እንኳ ከተሸነፈው ያሸነፈው የበለጠበትን ሪከርዱን ሳያበላሽ ጨረሰ።

በቀጣዩ ክረምት የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1970 በ57 ዓመቱ ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። የቀብር ሥርዓተ ጸሎቱ በኒውዮርኩ ሴንት ፓትሪክ ካቴድራል ሲፈፀም የድሮ ተጨዋቾቹ ተሰብስበው ነበር። የተቀበረውም ኒውጀርዚ፣ መምህር ሆኖ በጀመረባት ስቴት ነው።

ሊጉ የሱፐር ቦውሉን ዋንጫ በስሙ ሰየመው። በአዲሱ ስሙ መጀመሪያ ያነሳው ጃንዋሪ 17 ቀን 1971 ባልቲሞር ኮልትስ ነው፤ በ1958 ሎምባርዲን ያስለቀሰው ያው ክለብ መሆኑ ነው። የሴንት ሲሲሊያ ሃይስኩል ደግሞ በ1986 ተዘጋ። ከዚያ ክፍል የወጣው መምህር ስሙ በየዓመቱ ከዋንጫው ጋር ይነሳል፤ ያነሱት ልጆች አብዛኞቹ እሱ ከሞተ በኋላ የተወለዱ ናቸው።